ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን፦ የራጅ ጨረርን ያገኙት ሊቅ ሕይወትና ለዛሬው የምስል ምርመራ የተዉት ትምህርት

ከእንፍራንዝና ከአካባቢዋ ተነሥቶ ለተሻለ ሕክምና ወደ ጎንደር የሚጓዝ ታካሚ ከሚታዘዙለት ምርመራዎች አንዱ ብዙ ጊዜ ራጅ ነው። ታካሚው ደረቱን ወይም የተሰበረ ክንዱን ከመሣሪያው ፊት አስተካክሎ ለአፍታ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ ከዚያም ዓይን የማያየው የሰውነቱ ክፍል በምስል ይወጣል። ዛሬ እንደ ተራ ነገር የሚቆጠረው ይህ አገልግሎት ከ130 ዓመታት በፊት በዓለም ላይ አልነበረም።

አገልግሎቱ የጀመረው በአንድ ሰው የሰባት ሳምንታት ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ ነው። እኚህ ሰው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ናቸው። የሕክምና ምስሎችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማንበብ በዓለም ዙሪያ እየተስፋፋ ባለበት በአሁኑ ወቅት የእኚህን ሊቅ ሕይወት መለስ ብሎ መመልከት ጠቃሚ ነው፤ ተገልጋዩ ኅብረተሰብ ከአዲሱ ቴክኖሎጂ ምን ሊጠብቅ፣ ምንስ ሊጠይቅ እንደሚገባው ለመረዳት ያግዛል። በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ተብለው የተጠቀሱት ዘመናት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ዓ.ም. ብቻ የተባሉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልደት፣ ትምህርትና የተዘጉ በሮች

ሮንትገን እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1845 በጀርመን አገር ሌኔፕ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ሌኔፕ ዛሬ የሬምሻይድ ከተማ አካል ናት። አባታቸው ጨርቅ አምራችና ነጋዴ ሲሆኑ፣ እናታቸው በአምስተርዳም ከሚኖር ቤተሰብ የተገኙ ነበሩ። ለወላጆቻቸው ብቸኛ ልጅ የነበሩት ሮንትገን ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ሆላንድ፣ አፔልዶርን ወደምትባል ከተማ ተዛወረ፤ የልጅነት ዘመናቸውንም በዚያ አሳለፉ።

በዩትሬክት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ በነበሩበት ጊዜ ከባድ ፈተና ገጠማቸው። የአንድ መምህር ማሾፊያ ሥዕል ተሥሎ በመገኘቱ ሥዕሉን የሣሉት እርሳቸው ናቸው ተብለው ተከሰሱ። ሥዕሉ የሌላ ተማሪ ሥራ ቢሆንም ቅጣቱ በሮንትገን ላይ ወደቀና ከትምህርት ቤቱ ተባረሩ። የማጠናቀቂያ ማስረጃ ሳይዙ በመቅረታቸውም የመደበኛ ዩኒቨርሲቲዎች በር ተዘጋባቸው።

ይሁን እንጂ በስዊዘርላንድ የሚገኘው የዙሪክ ፖሊቴክኒክ አመልካቾችን በመግቢያ ፈተና እንደሚቀበል በመስማታቸው ወደዚያ አመሩ። እ.ኤ.አ. በ1868 በሜካኒካል ምሕንድስና ተመረቁ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በዙሪክ ሳሉ ከተዋወቋቸው ከአና ቤርታ ሉድቪግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1872 ጋብቻ ፈጸሙ። ልጅ ስላልወለዱ የባለቤታቸውን የወንድም ልጅ በስድስት ዓመቷ ወስደው አሳደጉ።

ያ የትምህርት ማስረጃ እጦት ከዶክትሬቱም በኋላ አልተዋቸውም። በቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚያበቃ ማዕረግ ሲጠይቁ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃቸው አልተሟላም በሚል ተከለከሉ። ሮንትገን ግን ሥራቸውን ሳያቋርጡ በስትራስቡርግ፣ በሆሄንሃይምና በጊሰን አስተማሩ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1888 የከለከላቸው የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር አድርጎ ጠራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆነው ተመረጡ።

ጠባያቸው ዝምተኛ፣ ሥራቸው ጥንቁቅ ነበር። ብቻቸውን መሥራት ይመርጡ ነበር፤ ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አብዛኛዎቹንም በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር። በኋላ ለዓለም ያበረከቱት ግኝት ከዚህ ጠባያቸው የመነጨ ነው።

የ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ምሽት

በዚያ ዘመን የፊዚክስ ተመራማሪዎች አየሩ በወጣለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲተላለፍ የሚፈጠረውን ጨረር ያጠኑ ነበር። ሮንትገንም ይህንኑ ጥናት ጀምረው ነበር። ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ ዕለቱም ዓርብ፣ ሲመሽ ቱቦውን ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ካርቶን ሸፍነው፣ ክፍሉንም አጨልመው ኤሌክትሪኩን አበሩ። ከቱቦው ራቅ ብሎ የነበረ፣ ባርየም ፕላቲኖሳያናይድ በተባለ ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ በጨለማው ውስጥ ማብራት ጀመረ። ከቱቦው የሚወጣ ብርሃን በካርቶኑ ታግዷል፤ ስለዚህ ሰሌዳውን ያበራው ሌላ የማይታይ ነገር መሆን ነበረበት።

ሮንትገን ያዩትን ወዲያው አላወጁም። ለሳምንታት ከቤተ ሙከራቸው ሳይርቁ፣ እዚያው እየበሉና እያደሩ ሙከራውን ደጋገሙት። በቱቦውና በሰሌዳው መካከል ወረቀት፣ እንጨት፣ ወፍራም መጽሐፍና ልዩ ልዩ ብረታ ብረት እያስቀመጡ ጨረሩ የትኛውን እንደሚያልፍ፣ የትኛው እንደሚያግደው መዘገቡ። መጽሐፉንና እንጨቱን አለፈ፤ እርሳስ ግን አገደው። እጃቸውን በመካከል ሲያስገቡ የአጥንቶቻቸው ጥላ በሰሌዳው ላይ ታየ። ባሕርዩ ገና ያልታወቀ በመሆኑ ጨረሩን በሒሳብ ያልታወቀ ነገር በሚወከልበት ፊደል ኤክስ ብለው ሰየሙት።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን የባለቤታቸውን እጅ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አሳርፈው ምስል አነሡ። የጣቶቻቸው አጥንትና የጋብቻ ቀለበታቸው በግልጽ የሚታዩበት ይህ ምስል በሕክምና ምስል ታሪክ ውስጥ በእጅጉ ከታወቁት አንዱ ሆኖ ቀርቷል። ከስድስት ቀናት በኋላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ሮንትገን ግኝታቸውን የሚገልጸውን አጭር ጽሑፍ ለቩርትስቡርግ የፊዚክስና የሕክምና ማኅበር አስረከቡ።

የራጅ ምስል በመሠረቱ ጥላ ነው። አጥንት በውስጡ ባለው ካልሲየም ምክንያት ብዙ ጨረር ስለሚያስቀር ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በአየር የተሞላው ሳንባ ደግሞ ጨረሩን ስለሚያሳልፍ ጠቆር ይላል። የተለያዩ የሰውነት ክፍሎች ጥላ በአንድ ምስል ላይ ስለሚደራረብ ግን የሚታየው ነገር ሁሉ በሽታ አይደለም፤ በሽታም ሁሉ አይታይም። ምስሉን የሚተረጉም ሙያተኛ አስፈላጊነት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የዓድዋ ቁስለኞችና የመጀመሪያው የጦርነት ራጅ

ሮንትገን በጨለማ ክፍላቸው ሙከራቸውን በሚደጋግሙበት በዚያው የ1888 ዓ.ም. በጋ የኢትዮጵያ ሠራዊት የዳግማዊ አፄ ምኒልክን የክተት ጥሪ ተቀብሎ ወደ ሰሜን ይተም ነበር። ኅዳር 28 ቀን የአምባ አላጌ ጦርነት ሆነ። የሮንትገን ጽሑፍ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለማኅበሩ ቀረበ። የካቲት 23 ቀን ደግሞ የዓድዋ ድል ተገኘ።

ጦርነቱና ግኝቱ የተገናኙት ብዙ ሳይቆይ ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 1896 ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባሉ የጣሊያን ወታደራዊ ሐኪም በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል፣ በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በአዲሱ ጨረር ተመለከቱ። ዓላማቸው በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ያለበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅ ነበር። ይህ ሥራ ራጅ ለጦር ቁስለኞች የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ሆኖ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል።

ከመላ ኢትዮጵያ ዘምተው የቆሰሉት አርበኞች ግን ይህን ዕድል አላገኙም። የተሰበረ አጥንታቸውን የሚጠግኑላቸው፣ ጥይቱ ያረፈበትንም በእጃቸው ዳስሰው የሚፈልጉላቸው ወጌሾች ነበሩ። የወጌሻ እጅ ልምድ ያካበተ ቢሆንም ሥጋ የሸፈነውን ማየት አይችልም። ድሉ የኢትዮጵያ ነበር፤ አዲሱ ዕውቀት ግን መሣሪያው፣ መብራቱና ሙያተኛው ወዳሉበት ስፍራ ቀድሞ ደረሰ። አንድ ግኝት ለዓለም ሁሉ ክፍት መሆኑ ብቻውን ለሚያስፈልገው ሰው ደርሷል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ያልተሸጠ ግኝት

የግኝቱ ዜና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1896 በጋዜጦች አማካይነት ዓለምን አዳረሰ። በዚያው ወር ሮንትገን በቩርትስቡርግ በሰጡት ገለጻ ላይ የታዋቂውን የአካል ጥናት ሊቅ የአልበርት ፎን ኬሊከርን እጅ ምስል በታዳሚዎች ፊት አነሡ። ኬሊከርም ጨረሩ በአግኚው ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ። በዚያ በአንድ ዓመት ብቻ ስለ አዲሱ ጨረር ከ1,000 በላይ ጽሑፎች ታተሙ።

ሮንትገን ግኝታቸውን በፈጠራ መብት አስመዝግበው ሀብት ማካበት ይችሉ ነበር። ይህን ግን አላደረጉም። ዕውቀቱ የሰው ልጅ ሁሉ ነው የሚል እምነት ስለነበራቸው ማንኛውም ሐኪምና መሐንዲስ ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸውም የሽልማቱን ገንዘብ ለቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ አበረከቱ። የመኳንንት መጠሪያ እንዲይዙ የቀረበላቸውንም ግብዣ አልተቀበሉም።

የችኮላ ዋጋ

ዓለም የሮንትገንን ጨረር ቢቀበልም ጥንቃቄያቸውን ወዲያው አልተከተለም። እርሳቸው ብዙውን ሥራቸውን ከዚንክ በተሠራና እርሳስ በተለበጠ ክፍል ውስጥ ያከናውኑ ነበር። ሌሎች ግን ጨረሩን ለመዝናኛ ትርኢት ጭምር ተጠቀሙበት፤ ሐኪሞችና ቴክኒሻኖችም መሣሪያው በትክክል መሥራቱን የገዛ እጃቸውን እያስገቡ ይፈትሹ ነበር።

ጉዳቱ ዘግይቶ ታየ። የቆዳ ቃጠሎ፣ የማይድን ቁስልና ካንሰር በሙያተኞች ላይ መከሠት ጀመረ። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በጨረር ጉዳት ሁለቱንም እጆቹን ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1904 አረፈ፤ ኤዲሰንም ከዚያ ወዲህ በራጅ ላይ መሥራት አልፈለጉም። እ.ኤ.አ. በ1936 በጀርመን ሐምቡርግ ከተማ በቆመው የመታሰቢያ ሐውልት ላይ በጨረር ሥራ ሕይወታቸውን ያጡ የ169 ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎችና የሕክምና ሠራተኞች ስም ተቀርጾበታል።

ዛሬ በራጅ ክፍል በር ላይ የሚታየው የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ ሙያተኛው ከእርሳስ ግድግዳ ጀርባ መቆሙ፣ ለሴት ታካሚዎች ስለ እርግዝና የሚቀርበው ጥያቄ፣ ሁሉም ከዚህ መሥዋዕትነት የተገኙ ናቸው። በአገራችንም የጨረራ መሣሪያዎች አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 መሠረት ቁጥጥር ይደረግበታል።

የመጨረሻ ዓመታት

ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1900 ወደ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው እስከ ጡረታ ዘመናቸው በዚያ አገለገሉ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያና ተከታዮቹ ዓመታት ለእርሳቸው ከባድ ነበሩ። ለረጅም ጊዜ የታመሙትን ባለቤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1919 በሞት አጡ። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅም ያጠራቀሙት ጥሪት ከንቱ ሆነ። ለዓለም በነፃ የሰጡት ግኝት ለእርጅናቸው መጦሪያ አልሆናቸውም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 በአንጀት ካንሰር በ77 ዓመታቸው ሙኒክ ላይ አረፉ፤ በጊሰን ከተማም ከወላጆቻቸውና ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀበሩ። በኑዛዜያቸው መሠረት የግል ደብዳቤዎቻቸውና የምርምር ማስታወሻዎቻቸው አብዛኞቹ ተቃጠሉ። ስማቸው ግን በጨረር መለኪያ አሐድ፣ በኋላም 111ኛ ተራ ቁጥር በያዘው ንጥረ ነገር መጠሪያነት ሕያው ሆኖ ቀጥሏል።

ከጥላ ወደ ሙሉ ምስል

ሮንትገን ካረፉ በኋላ የምስል ምርመራ በእጅጉ ተራቀቀ። በጆሃንስበርግ የተወለዱት አለን ኮርማክ በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን በሆስፒታል የጨረር ሥራን ለመከታተል በተመደቡበት ወቅት፣ የሰውነትን ውስጣዊ ክፍል ከየአቅጣጫው ከሚነሡ የጨረር ልኬቶች በሒሳብ መልሶ መገንባት እንደሚቻል አሰቡ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ደግሞ መሣሪያውን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በታካሚ ላይ ዋለ። ሲቲ ስካን የተባለው ይህ ምርመራ ሁለቱን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 ለኖቤል ሽልማት አበቃቸው። ከዚህ ጎን ለጎን በድምፅ ሞገድ የሚሠራው አልትራሳውንድና በማግኔት ኃይል የሚሠራው ኤምአርአይ የራጅ ጨረር ሳያስፈልጋቸው የውስጥ አካልን ማሳየት ቻሉ።

የመሣሪያዎቹ መብዛት ሌላ እጥረት አመጣ፤ ይኸውም ምስሉን የሚያነብ ሙያተኛ እጥረት ነው። አንድ ሲቲ ስካን በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ሊኖሩት ይችላል። የራዲዮሎጂ ሐኪሞች በትልልቅ ከተሞች በሚከማቹበት አገር፣ በገጠር ጤና ተቋም የተነሣ ምስል አንባቢ ሳያገኝ ሊቆይ ወይም ታካሚው ራሱ ረጅም መንገድ እንዲጓዝ ሊያስገድደው ይችላል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ እድገቱና ፈተናው

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለዚህ እጥረት ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ ነው። ፕሮግራሙ ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ በርካታ ምስሎች ቀርበውለት የበሽታ ምልክት የሚመስለውን ቅርጽ መለየት ይማራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የሳንባ ነቀርሳን ለመለየት በሚደረግ የደረት ራጅ ቅድመ ምርመራ ላይ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በአንባቢ ሐኪም ምትክ ሊያገለግሉ እንደሚችሉ አስታውቋል። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበረታባቸው 30 አገሮች መካከል በመሆኗ፣ ተንቀሳቃሽ ራጅ ከፕሮግራሙ ጋር ተጣምሮ ወደ ገጠር መድረሱ ለብዙዎች ትርጉም ይኖረዋል። በስዊድን ከ80,000 በላይ ሴቶች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ይፋ የሆነ የጡት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጥናትም፣ ሐኪሞች በፕሮግራም ሲታገዙ የምስል ንባብ ጫናቸው በ44 በመቶ ሲቀንስ ካንሰርን የመለየት ብቃታቸው እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ፈተናው ግን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ የሳንባ ምች እንዲለይ የሠለጠነ ፕሮግራም በሠለጠነበት ሆስፒታል ጥሩ ውጤት ቢያሳይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲወሰድ ብቃቱ መቀነሱን አረጋግጧል። ፕሮግራሙ ከበሽታው ምልክት በተጨማሪ ምስሉ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ የሚጠቁሙ ነገሮችንም ተምሮ ነበር። ስለዚህ በሌላ አገር ታካሚዎች ምስል የሠለጠነ ፕሮግራም በአገራችን ተገልጋዮች ላይ ከመዋሉ በፊት እዚሁ ሊፈተሽ ይገባል። ቀደም ሲል በሳንባ ነቀርሳ ታክሞ የዳነ ሰው የሚቀርበትን ጠባሳ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ በሽታ ሊቆጥረው ይችላል። ኤሌክትሪክና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት፣ መሣሪያም ሲበላሽ የሚጠግን ባለሙያ በሌለበት ስፍራም ምርጡ ፕሮግራም አገልግሎት አይሰጥም።

የኃላፊነትና የምስጢር ጉዳይም አለ። ፕሮግራም ተሳስቶ ታካሚ ቢጎዳ ተጠያቂው ፕሮግራሙ ሊሆን አይችልም፤ ውሳኔው የሐኪሙና የተቋሙ ነው። የታካሚ ምስልም የጤና መረጃ ስለሆነ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥበቃ ይደረግለታል።

ተገልጋዮች ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

• እርጉዝ የሆነች ወይም እርግዝና የምትጠረጥር ተገልጋይ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ከመነሣቷ በፊት ለባለሙያው መንገር ይኖርባታል።

• ቀደም ሲል የተነሡ ፊልሞችንና የምርመራ ውጤቶችን ይዞ መቅረብ፣ ሐኪሙ ለውጡን እንዲያነጻጽርና ሳያስፈልግ ምርመራው እንዳይደገም ይረዳል።

• ከዚህ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የወሰደ ሰው ይህንኑ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።

• በደረት ራጅ ላይ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል የተባለ ምልክት ቢታይ፣ ንባቡ በሰውም ሆነ በፕሮግራም የተደረገ ቢሆን፣ በአክታ ምርመራ መረጋገጥ ይኖርበታል። የፕሮግራም ንባብ ብቻውን የመጨረሻ ውጤት አይደለም።

• ተገልጋዩ ምርመራው ለምን እንደታዘዘለት፣ ምስሉን ማን እንዳነበበውና ውጤቱ ምን ማለት እንደሆነ የመጠየቅ መብት አለው።

ሮንትገን ያልጠበቁትን ብርሃን በሰሌዳ ላይ ባዩ ጊዜ ሰባት ሳምንታት ሙሉ መልሰው መላልሰው ሳይፈትሹ አልተናገሩም። ግኝታቸውን ለሁሉም ሰጡ፤ ያለ ጥንቃቄ የተጠቀሙበት ግን ዋጋ ከፈሉ፤ ያልደረሳቸውም በእጅ ዳሰሳ ቀሩ። አዲሱ ቴክኖሎጂ ከእንፍራንዝ ለሚነሣው ታካሚ እንዲጠቅም ሁለቱም መሟላት አለባቸው፤ አገልግሎቱ ሊደርሰው፣ ከመድረሱም በፊት በሚገባ ሊፈተሽ ይገባል።